«ተይዟል» ብዬ የመለስኩት ሰው

የቱሉ ዲምቱ እናት
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ለመጻፍ ብዙ ቀን አመነታሁ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስልኬን አነሳለሁ፣ ሁለት መስመር ጽፌ መልሼ አጠፋዋለሁ። ዛሬ እስከ መጨረሻው ልጻፈው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴና ከልጆቼ ጋር ነኝ። ወንድሜ እዚያው ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አለው። ሥራው ክፍለ ሀገር ስለሆነ የማከራይለት እኔ ነኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ቤቱ ባዶ ነበር። ደላላው ደወለና «ጥሩ ሰው አግኝቻለሁ፣ ይዤው ልምጣ?» አለኝ። «አምጣው» አልኩት። ቁልፍ ይዤ ወረድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ደላላው ከአንድ ረጅም፣ በጣም ጥቁር ሰው ጋር ደረጃውን ሲወጣ አየሁ። ግንባሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተሰመሩ መስመሮች አሉት። የጋምቤላ ሰው እንደሆነ ገባኝ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። በእጁ የፕላስቲክ ፋይል ይዟል። «እንደምን ዋሉ እትዬ» አለኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ ጎንበስ ብሎ።

ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። ጋቢዬ ውስጥ ደበቅኩት። «ውይ፣ አሁን እኮ ተይዟል። ጠዋት ሌላ ሰው ቀብድ ሰጠኝ» አልኩ።

ደላላው አየኝ። ሰውየውም አየኝ። «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ወረደ። ቀብድ የሰጠኝ ሰው አልነበረም። ቤቱ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ከአሥራ አምስት ቀን ባዶውን ተቀመጠ።

ያኔ ለምን ብትሉኝ መልስ ነበረኝ። «እንግዳ ይበዛባቸዋል፣ ቤት ይጎዳል» እል ነበር። የማንም የጋምቤላ ሰው ቤት ገብቼ አላውቅም። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ሰውየው ከኛ ቀጥሎ ያለው ብሎክ ላይ ቤት አገኘ። የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ሚስቱና ልጁ በኋላ መጡ። በደረጃና በሱቅ ስንገናኝ ሰላም ይለኛል። እኔም ሰላም እለዋለሁ፣ አይኔን ግን አላሳርፍበትም።

ባለፈው ዓመት ውሃ ለአሥራ አንድ ቀን ጠፋ። ሮቶው ደረቀ። አንድ ቀን ማታ ቦቴ መጣ ተብሎ ሰዉ ሁሉ ጀሪካን ይዞ ወረደ። ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ቀዳሁ። ጉልበቴ ታማሚ ነው። አንደኛ ፎቅ ላይ ስደርስ ቁጭ አልኩ። እሱ ከኋላዬ መጣ። ምንም አላለኝም። አንዱ ጀሪካን ክዳኑ ያፈስ ነበር። ከኪሱ ፌስታል አወጣና ቀዶ ክዳኑ ስር አደረገው፣ አጥብቆ ዘጋው። ከዚያ ሁለቱንም አንስቶ ሦስተኛ ፎቅ በሬ ላይ አስቀምጦልኝ ወረደ። የራሱ ጀሪካኖች ታች ተሰልፈው ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን ለመጻፍ ያስነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ ትንሿ ልጄ ታች ከሱ ልጅ ጋር ሰኞ ማክሰኞ ትጫወታለች። የኔዋ ሰባት ዓመቷ ነው፣ የሱዋ ስድስት። «መስመር ረግጠሻል» «አልረገጥኩም» ተባባሉ። ከዚያ የኔዋ «ባሪያ!» ስትላት ሰማሁ። ልጅቷ አላለቀሰችም። ጠጠሯን አንስታ ወደ ብሎካቸው ሄደች።

ልጄን ጠርቼ «ይህን ቃል ከየት ሰማሽ?» አልኳት። «አያቴ ‹ያቺ የባሪያ ልጅ› ትላት የለ?» አለችኝ። «እኔስ? እኔ እንዲህ ስል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። «አንቺ ዝም ትያለሽ» አለችኝ።

እናቴ ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ነው። አሳድጋኛለች፣ ልጆቼን አሳድጋልኛለች። በኛ ቤት ልጅ ሲያስቸግር «ሻንቅላ ይወስድሃል» እየተባለ ነው ያደግነው። ቃሉ ከቤቴ እንዲወጣ እፈልጋለሁ። ከየት እንደምጀምር አላውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ያለፈባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።


ማግና ድር
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡25

እህቴ፣ ስላወጣሽው አመሰግናለሁ። እኔ ከሌላኛው ወገን ነኝ።

ሽሮ ሜዳ ነው ያደግኩት፣ እንጦጦ ሥር። አባቴ በልጅነቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ ሸማኔ ሆነ። ቤታችን አንድ ክፍል ነበረች። ግማሹን የያዘው የሽመና ዕቃው ነው። አባቴ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ከንጋት እስከ ማታ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ለጥምቀትና ለፋሲካ ሌሊቱንም ያድር ነበር።

አንዲት ደንበኛ ነበረችን። የሷንም የልጆቿንም የሀገር ልብስ አባቴ ነው የሚሠራው። ጥለቱን በጣቷ እየዳሰሰች «እጅህ ይባረክ» ትለዋለች። ልጇና ታላቅ እህቴ ተዋደዱ። ሽማግሌ ሊላክ ሲል ሴትየዋ ቤታችን መጣች። አልተቆጣችም። ቁጭ ብላ ቡና ጠጣች። «እናንተ ጥሩ ሰዎች ናችሁ፣ ግን የኛ ቤተሰብ ዘር ይቆጥራል» አለች። በዚያው ዓመት ለጥምቀት የለበሰችው አባቴ የሠራላትን ነበር። እህቴ መንገድ ዳር ቆማ አየቻት።

ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ የተከለከለው በአጼ ምኒልክ ጊዜ ነው። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ሌላ ስም እያወጡ መስደብ ይቅር ተብሏል። መቶ ዓመት አልፎታል። ስድቡ ቀነሰ፣ ጋብቻው ላይ ግን ገና ነው።

ስለ እናትሽ የምልሽ፣ ሴትየዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። ለዚያ ነው የከበደን። የሚሳደብ ሰው ቢሆን ኖሮ አባቴ ያባርራት ነበር።


የድሮ ሰው
እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡10

እንደምን አደራችሁ ልጆቼ። የምኖረው የካ አባዶ ነው። ዕድሜዬ ሰባ ስድስት ነው። በትሕትና አንድ ነገር ልበል።

ጥፋትሽን ማመንሽ ያስመሰግንሻል። ግን ነገሩን ወደ «ዘረኝነት» ባንወስደው ደስ ይለኛል። የቆዳ ቀለም ጣጣ የፈረንጅ በሽታ ነው። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ያሸነፍነው ለጥቁር ሕዝብ ሁሉ ነው። ጃንሆይ በመስከረም 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ቆመው፣ የሰው የቆዳ ቀለም ከዓይኑ ቀለም የበለጠ ትርጉም እስካለው ድረስ ሰላም እንደማይኖር የተናገሩት ለዓለም ሁሉ ነው። እንዲህ ያለ አገር ዘረኛ ነው ማለት ይከብደኛል።

«ባሪያ» የሚለውም ቃል ጸሎታችን ውስጥ አለ። «እኔ ባሪያህ» ብለን ነው ወደ ፈጣሪ የምንቀርበው። ልጆች ሲጣሉ ብዙ ነገር ይባባላሉ። ልጅሽን ቅጫት፣ ጎረቤትሽን አክብሪው፣ በቃ።


ባሮ ዳር
እሑድ፣ ከቀኑ 6፡05

ሁለታችሁንም ሁለት ጊዜ አነበብኳችሁ። የጋምቤላ ልጅ ነኝ፣ አኙዋ። አዲስ አበባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አሁን አቃቂ አካባቢ እኖራለሁ።

አባቴ፣ (የድሮ ሰው ለሚለው ነው፣ በዕድሜ አባቴ ስለሚሆኑ) ስለ አድዋ የተናገሩት እውነት ነው። እኔም ትምህርት ቤት ስማረው ደረቴን ነፍቼ ነው። ግን ጠዋት ታክሲ ስገባ ረዳቱ ሂሳብ የሚጠይቀኝ በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ስመልስለት ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። «ከሱዳን ነህ?» ይሉኛል። «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ስል «አማርኛ ጎበዝ ነህ» ይሉኛል። በአገሬ ቋንቋ ጎበዝ መባል እንዴት እንደሚሰማ ልነግርዎ አልችልም። ጋቶች ፓኖም ለብሔራዊ ቡድን ሲሰለፍ አብረን ነው የምንጮኸው። ከስታዲየም ስንወጣ ግን እኔ እንግዳ እሆናለሁ።

«እኔ ባሪያህ» የሚለውን ለእግዚአብሔር የሚሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ያቺን የስድስት ዓመት ልጅ ግን ሌላ ሰው ነው የጠራት።

እህቴ፣ አንቺን ደግሞ ልጠይቅሽ። አትቀየሚኝ። ጽሑፍሽ ውስጥ ሰውየው አማርኛው ጥርት ያለ ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላል። ሁለት ጀሪካን ሦስተኛ ፎቅ ያወጣል። ውሃ ባይሸከምልሽስ? የቀን ሠራተኛ ቢሆንስ? አማርኛው ቢሰባበርስ? ሰላም ባይልሽስ? ቤቱ ያኔም ባዶ ነበር።

ይህን የምለው ደክሞኝ ነው። ቤት ለመከራየት ስወጣ እንደ ሙሽራ ነው የምዘጋጀው። ሸሚዝ እተኩሳለሁ። የመሥሪያ ቤት መታወቂያዬን ደረት ኪሴ ላይ እንዲታይ አደርጋለሁ። ድምፄን አለሰልሳለሁ። ሌላው ሰው በሲሊፐር ሄዶ የሚከራየውን ቤት።

አንድ ነገር ደግሞ ላስተካክል። ግንባር ላይ ያለው መስመር የኑዌር ወንዶች ወግ ነው። «ጋር» ይባላል። ጋምቤላ ማለት መስመር ማለት አይደለም። እኔ የለኝም። አኙዋ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖ፣ ኮሞ አለን። እኛም እርስ በርሳችን ብዙ ደም ተቃብተናል። ከዚህ የሄደውን ሁሉ «ደገኛ» ብለን በአንድ ስም ጠቅልለን ነው ያደግነው። አያቴ ደገኛ በር ላይ ሲቆም ውሃ አትሰጥም ነበር። ያንን እኔም ከራሴ ማውጣት ነበረብኝ።

ጽሑፍሽ ውስጥ ያጣሁት አንድ ነገር አለ። ለኛ ነገርሽን። ለሱ ነገርሽው? ዋሽቼህ ነበር፣ ቤቱ ባዶ ነበር አልሽው?

ካልሽው በኋላ ስለ እናትሽ እንነጋገር። ስትሄጂ ደግሞ ስጦታ ይዘሽ አትሂጂ። ዳቦ ይዘሽ ከሄድሽ እሱ ስለ ዳቦው አመስግኖ ነገሩን ይዘጋዋል። እኛ እንዲህ ነው የለመድነው።


ከቤይሩት መልስ
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡50

ባሮ ዳር፣ የጻፍከው አስለቀሰኝ።

ቤይሩት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ገላን ትንሽ ሱቅ አለኝ። እዚያ በከፋላ ነው የምትኖሪው። የመኖሪያ ፈቃድሽ ከአሠሪሽ ጋር የታሰረ ነው። ፓስፖርቴን ማዳም ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት ነበር። የቤቱ ትንሽ ልጅ ሲናደድ «አብዴ» ይለኝ ነበር። ትርጉሙን ሌላ ኢትዮጵያዊት በረንዳ ለበረንዳ ነገረችኝ። ባሪያ ማለት ነው። አልጋዬ ላይ ሆኜ «እኔ? እኔ ባሪያ?» እያልኩ አለቀስኩ።

ለኔ የተለየ ሳህንና ኩባያ ነበረኝ። የሚቀመጠው ከመታጠቢያው ሥር፣ ከሳሙናው ጋር ነው። ኩባያው ሰማያዊ ነው፣ እጀታው የተሰበረ። አንድ ቀን እያጠብኩት ሳለ እጄ ቀዘቀዘ። እናቴ ቤት ያየሁት ነገር ትዝ አለኝ።

እኔ የጉራጌ ልጅ ነኝ። በኛ አገር ፉጋ የሚባሉ አሉ። ወንዶቹ እንጨት ይጠርባሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። ቤት ሲሠራ መሀል ምሰሶውን የሚያቆሙት እነሱ ናቸው። ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን አይገቡበትም። አንዲት ሸክላ የምታመጣልን ሴት ነበረች። እናቴ ቆጮ የምትሰጣት በኮባ ቅጠል ነው፣ ደጅ ላይ። ቅጠሉ ይጣላል፣ ሳህን አይነካም። እኔ ነበርኩ የማቀብላት። እጇ እጄን እንዳይነካ ተጠንቅቄ።

ያቺን ሴት ስመለስ ፈለግኳት። አርፋለች አሉኝ። ልጇን አገኘሁት። ምን እንደምለው ስለጠፋኝ «እናትህ ጥሩ ጀበና ትሠራ ነበር» ብቻ አልኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

እህቴ፣ አንቺ ሰውየሽ ቀጥሎ ያለው ብሎክ ላይ አለ። ሂጂ።


የአለርት ልጅ
እሑድ፣ ከቀኑ 11፡15

ዘነበወርቅ ነው ያደግኩት፣ አለርት ሆስፒታል አጠገብ። አያቴ በሥጋ ደዌ ታመው ለሕክምና መጥተው እዚያው ቀሩ። በሽታው በመድኃኒት ሙሉ በሙሉ ይድናል፣ መድኃኒቱም በነጻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ግን ሰፈሬን ሲጠይቁኝ «አየር ጤና» ነበር የምለው። ጓደኞቼ ቤትህን አሳየን እንዳይሉኝ አራት ዓመት ሙሉ እጠነቀቅ ነበር። የቀለም ጉዳይ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ባሮ ዳር ሸሚዝ ስለመተኮስ የጻፈውን ሳነብ የገባኝ በዚህ ምክንያት ነው።


ሁለተኛ ፎቅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡30

እኔም አከራይ ነኝ፣ ጀሞ። እውነቱን ልናገር። «እንግዳ ይበዛል» የሚለውን እኔም ብያለሁ። ወረቀት ላይ ስመረምረው ግን ፍርሃቴ መሠረት አጣ። የቤት ኪራይ አዋጁ፣ 1320/2016፣ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ ይላል። ትንሹ የውል ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ዕቃ ቢሰበር፣ ኪራይ ቢቀር በውል የሚታይ ነገር ነው። ቤቴን በጣም የጎዳብኝ ተከራይ የአገሬ ልጅ ነበር፣ ያውም በአማላጅ የመጣ። ከሱ በኋላ «የኛን አገር ሰው አላከራይም» አላልኩም። አንድ ሰው ነው ብዬ አለፍኩ። ለሌላው ግን እንዲህ አስቤ አላውቅም ነበር።


የድሮ ሰው
ሰኞ፣ ከንጋቱ 12፡20

ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ባሮ ዳር ልጄ፣ መልስህን በልቤ ይዤው ነው ያደርኩት።

አያቴ ቤት አንዲት አሮጊት ነበረች። እኔ የስድስት የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፣ 1940ዎቹ መጨረሻ ላይ። እሷ ናት ያዘለችኝ። ቂጣ በርበሬ ቀብታ በድብቅ የምትሰጠኝ እሷ ናት። ማታ ሁሉም በልቶ ሲያበቃ ከመሶቡ የተረፈውን ይዛ ማድ ቤት ትገባለች። አንድ ቀን «አንቺ ለምን ከኛ ጋር አትበዪም?» ስላት አፌን በእጇ ያዘችኝ።

በጣም ጥቁር ነበረች። ከየት እንደመጣች ስጠይቅ «ከሩቅ» ይሉኛል። ስም አላት፣ የቤቱ ሰው ያወጣላት ነው። የአባቷን ስም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እሷ ራሷ ታውቀው እንደሆነ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ስትሞት የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ሌሊት ሳስብ ነበር። የሴትየዋ ስም፣ ከዚያ ባዶ።

ባርነትን ጨርሶ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። እኔ ከመወለዴ ጥቂት ዓመታት በፊት ማለት ነው። በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር ስንገባ አንዱ ትልቅ መከራከሪያ የባሪያ ንግድ ነበር። ይህን አውቅ ነበር። መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር አድርጌ ነው የያዝኩት። ያዘለችኝ ሴት ናት ብዬ አላሰብኩም።

ትናንት «የፈረንጅ በሽታ ነው» ብያለሁ። ያንን ቃሌን አነሳለሁ። ልጄ፣ ታክሲ ውስጥ በእንግሊዝኛ ለሚያናግሩህ ሁሉ እኔ ይቅርታ ልጠይቅ አልችልም። ስለ ራሴ ግን ይቅርታ።


ባሮ ዳር
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡45

አባቴ፣ ስሟን ያውቁታል?


የድሮ ሰው
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ታየች ነበር የምንላት። ለልጆቼ ዛሬ ማታ እነግራቸዋለሁ። ነግሬያቸው አላውቅም።


የቱሉ ዲምቱ እናት
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሳምንት ሙሉ ሳልጽፍ የቆየሁት ፈርቼ ነው። ትናንት ሄድኩ።

ባሮ ዳር እንዳልከው ባዶ እጄን ሄድኩ። ለካ ሰው ቤት ባዶ እጄን ሄጄ አላውቅም። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። አንኳኳሁ። ሚስቱ ከፈተችልኝ። ሽንኩርት እያቁላላች ነበር። እሱ ልጁን የቤት ሥራ ያሠራል። ልጅቷ እኔን ስታይ ደብተሯን ዘግታ ወደ ውስጥ ገባች።

ተቀመጪ አሉኝ። መቀመጥ አቃተኝ። ቆሜ «የዛሬ ሁለት ዓመት ቤት ልትከራይ መጥተህ ተይዟል ያልኩህ ውሸት ነበር። ባዶ ነበር። መልክህን አይቼ ነው» አልኩት። ሌላ ብዙ ነገር ላክል አስቤ ነበር። አልመጣልኝም።

እርሳሱን አስቀመጠ። ብዙ ቆየ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ደላላው ታች ስንደርስ ነገረኝ። ያንቺ አምስተኛው ቤት ነበር።»

«ሌሎቹስ ምን አሉህ?»

«እነሱም ተይዟል አሉ።»

ሚስቱ በቋንቋቸው የሆነ ነገር ጠየቀችው። ነገራት። እሳቱን አጠፋችና መጥታ ፊቴ ቆመች። አማርኛዋ እንደሱ አይደለም፣ ግን እያንዳንዱን ቃል ሰማሁት። «ውሃ ያመጣልሽ ቀን ተጣላን» አለች። «ለሷ ለምን ትሸከማለህ አልኩት። ልጄ ደግሞ ሁለት ቀን ደጅ አልወጣም አለች። እኔ አልረሳሁም።»

«አትርሺ» አልኳት። ሌላ የምለው አልነበረኝም። እሷም ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። ተመልሳ ማድ ቤት ገባች።

ልጄን በማግስቱ፣ ማለት ዛሬ ጠዋት፣ ይዣት ሄድኩ። በራሷ አፍ ይቅርታ ጠየቀች። የሱ ልጅ «መስመሩን ግን ረግጠሻል?» አለቻት። «ረግጫለሁ» አለች የኔዋ። ወጥተው ሄዱ። አሁን ስጽፍ ድምፃቸው ይሰማኛል ብል ውሸት ይሆናል፣ ገብተው ተኝተዋል። ግን ውለው ተጫውተዋል።

እናቴን በተመለከተ። ሐሙስ ቡና ላይ ያንን ቃል ደገመችው። ልጆቹ ነበሩ። «እማ፣ በዚህ ቤት አይባልም። ልጅቷ ስም አላት» አልኳት። ጎረቤትም ተቀምጧል። በሕይወቴ እናቴን ሰው ፊት መልሼ ተናግሬ አላውቅም። ሁለተኛውን ሳትጠጣ ተነሳች። እስከ ትናንት አኩርፋኝ ነበር። ዛሬ ማታ «ያቺ… የጎረቤታችን ልጅ መጥታ ነበር ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። መሀል ላይ ቆም ብላለች። እንደገና ትለው ይሆናል። እኔ ግን ከእንግዲህ ዝም አልልም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትናንት ልወጣ ስል ሰውየው በር ድረስ ሸኘኝና «የአጎቴ ልጅ ለትምህርት ይመጣል፣ ቤት እየፈለግን ነው። ያ የወንድምሽ ቤት…?» አለኝ።

ቤቱ ሰው አለበት። እውነት ሰው አለበት። ተይዟል ማለት ነበረብኝ፣ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ፊቴን አይቶ መሰለኝ እሱ ራሱ «እንዳሉ አውቃለሁ፣ ልጃቸው ከልጄ ጋር ነው የሚጫወተው። የሚለቁ ከሆነ ብዬ ነው» አለኝ።

«ሰኔ ላይ ሊለቁ ነው፣ ነግረውኛል። ለማንም ሳላሳይ ላንተ እደውላለሁ» አልኩት።

«እሺ» አለኝ። ያው የዚያን ቀኑ እሺ ይሁን ሌላ እሺ መለየት አልቻልኩም።


ባሮ ዳር
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡55

ስለ ሚስቱ የጻፍሽውን ሳትደብቂ ስላመጣሽው አመሰግናለሁ። ሰኔ ላይ እዚህ ክር ላይ ተመልሼ እጠይቅሻለሁ።


የቱሉ ዲምቱ እናት
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡02

ጠይቀኝ። ቁልፉን ለማን እንደሰጠሁ እጽፋለሁ።